በመስታወት ሳጥን የከበረው ማጣሪያ

ከንቲባችን ክቡር ስፓስ ሙታፎቭ ለሕዝብ ጤና የዋሉት ውለታ ተረስቶ እንዳይቀር፣ እኔ የከተማው ነዋሪ ልመሰክር ተነሥቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ወደ ዳኑብ ከሚወርደው ወንዛችን የተጠመደ ወንድ ዓሣ ሆዱ ሲቀደድ እንቁላል የተገኘበት ቀን ነው። የውሃ ክፍሉ ኬሚስት ኔዳ ካሎያኖቫ መንሥኤውን ደረሰችበት። ሰው የሚውጠው የሴት ሆርሞን መድኃኒት ከሽንት ጋር ወጥቶ፣ በፍሳሽ በኩል ወንዙ ውስጥ ይገባል። እኛም ከዚያው ወንዝ እንጠጣለን። ምክር ቤቱ ሪፖርቱን በጥልቀት ገመገመ፤ ማለትም ወንዶቹ አባላት አንገታቸውን ደፍተው የገዛ ደረታቸውን አዩ። በጀቱ ወዲያው ጸደቀ።

ኔዳ ስስ የማጣሪያ ሽፋን ወስዳ፣ ሆርሞን ይዞ የሚያስቀር ነገር ቀባችበት። የከተማው ዋና ቧንቧ ውስጥ ስትገጥመው ሠራላት። ውሃው ግን በዝግታ ያልፍ ጀመር፤ ሁለተኛ ማጣሪያ እስኪታከል መታገሥ ነበረብን። በዚህ መሀል ሚኒስትሩ ሊጎበኙን ነው ተባለ። የአደባባዩ ፏፏቴ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ሽንት ይንጠባጠባል።

«ኔዳዬ፣ ያን ነገር አውጪልኝ» አሉ ከንቲባው።

«ከወጣ እኮ ውሃው አይጣራም፣ ክቡር ከንቲባ።»

«በመስታወት ሳጥን አድርገን ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ እናስቀምጠዋለን። ቧንቧ ውስጥ ማን ያየዋል?»

«የሚሠራው እዚያ ነዋ።»

«እዚያ ይቆሽሻል።»

«እንዲቆሽሽ ነው የሠራሁት።»

ከንቲባው በሐዘኔታ አዩአት። «ይኼን ሁሉ ተምረሽ፣ ንጹሕ ዕቃ ቆሻሻ ውስጥ ካልከተትኩ ትያለሽ?»

«እኅቴ እርጉዝ ናት። የምትጠጣው ይህንኑ ውሃ ነው።»

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አሏት።

ማጣሪያው ወጣ፣ ፏፏቴው ሰማይ ነካ፣ ሚኒስትሩም ራኪያ የተባለውን የፍራፍሬ አረቄ ጨልጠው አጨበጨቡ። ኔዳ እኅቷን ይዛ ከእኛ በታች ወዳለችው ከተማ ሄደች፤ እኛ የደፋነውን ስለምትጠጣ ሁሌ ወደምንንቃት ከተማ። የዚያ ሰዎች ፏፏቴ ስለሌላቸው አልቸኮሉም። አዲስ ማጣሪያ ሠራችላቸው፤ የተረፋቸውንም ውሃ በጠርሙስ አሽገው መሸጥ ጀመሩ።

ባለፈው የምክር ቤት ስብሰባ ከንቲባችን ከጠርሙሱ ተጎንጭተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ውሃ ማለት ይኼ ነው። ከየት የመጣ ነው?»

ጸሐፊያቸው ጠርሙሱን አዙራ አነበበች። «ከታችኛው ከተማ ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«እነሱ ደግሞ ምን ምንጭ አላቸውና?»

«የእኛ ፍሳሽ አላቸው።»

ከንቲባው ጠርሙሱን አስቀመጡና የእኛው ውሃ የሚወርድበትን የግድግዳ ቧንቧ ተመለከቱ። ከዚያ ጠርሙሱን መልሰው አነሡ።