የአባታችን ዋንዛ ወለል ሲሆን

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በሩ ላይ የቆማችሁም ግቡ። ወሬ ያለው ወሬውን ይዋጥ፣ የሚያስለውም አሁኑኑ ስሎ ይጨርስ። እኔ ስናገር ጣልቃ የገባ ሰው ይህን ወለል ሲፈትግ ነው የሚውል።

ሰው ትንሽ ሲያልፍለት ማበድ የሚጀምረው ከየት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከራሱ ይመስላችኋል፤ ከእግሩ ነው። አፈር ላይ ተወልዶ፣ አፈር ላይ ድሆ፣ ነገ አፈር ሊገባ፣ መሃሏን ጥቂት ዘመን እግሬን አፈር አይንካው ይላል። ይህን የምላችሁ ሰው ላማ ብዬ አይደለም፤ ስለራሴ ነው።

ፎገራ ላይ ሩዙ ሁለት ዓመት ደህና ሲይዝልኝ ወረታ ከተማ ቤት ሠራሁ። ወለሉን እንደማንም ሰው ሲሚንቶ ማድረግ ይቻል ነበር። እኔ ግን ጣውላ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ጣውላውም ከሌላ አይደለም፤ አባታችን በእጁ ከተከለው ዋንዛ ነው። ታላቅ እህቴ እታለም ያን ዛፍ እንዳልነካው ለምናኛለች። አባታችን ከእርሻ ሲመለስ የሚያርፈው ዛፉ ጥላ ሥር ነበር፤ ከሱ የቀረን ይኸው ዋንዛ ብቻ ነው አለችኝ። እኔስ ምን አልኳት? ሜዳ ላይ ቆሞ ምስጥ ከሚበላው ቤት ገብቶ የልጅ ልጆቹ ይራመዱበት፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዘው ብዬ ማልኩላት። አለቀሰች፤ መጋዙ ገባ።

አናጢው ከአንበሳሜ የመጣ፣ ለእንጨት እንጂ ለሰው የማይራራ ሰው ነው። ጨርሶ ሲሄድ ትእዛዝ ሰጠኝ፤ ውሃ እንዳይነካው፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጠረግ፣ አልፎ አልፎ ሰም ይቀባ፣ ጫማ አይርገጠው፣ ዱካም አይጎተትበት። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት ትእዛዝ ሲበዛብኝ ነው፤ ይኸን ግን በቃሌ ያዝኩት።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የኔ መሆኑ ቀርቶ እኔ የሱ ሆንኩ። እንግዳ ሁሉ በር ላይ ጫማ ያወልቃል። ከሩዝ ማሳ የመጣ ሰውስ ጫማውን ቢያወልቅ ምን ሊረባኝ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነው። ባለቤቴ ውሃ ስትጠጣ ጨርቅ ይዤ አጠገቧ እቆማለሁ። የንስሐ አባታችን ቤቱን ሊባርኩ መጥተው ጠበሉን ሊረጩ እጃቸውን ሲያነሱ፣ አባ ይፍቱኝና ወደ ግድግዳው ያድርጉት አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ ልጄ፣ ሰይጣኑ ያለው ግድግዳው ላይ ነው እንዴ አሉኝ።

የዘመን መለወጫ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ እታለም ቀድማኝ ገብታለች። ከረግረጉ ያጨደችውን ቄጠማ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ጎዝጉዛዋለች። በባዶ ወለል ዓመት አይቀበሉም አለችኝ። ምን ልበል? በበዓል ቀን ቄጠማ ጠርጌ ላውጣ? ጎረቤቱስ ምን ይለኛል? ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አምሮ ዓይኔን ሞላው። እንግዳውም ገባ፣ ጠላውም ፈሰሰ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተረገጠ።

በአራተኛው ቀን ቄጠማውን ጠርገን አወጣን። ወለሉ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፣ ቦታ ቦታው አረንጓዴ ነው፤ ሳንቃው እርስ በርሱ ተገፋፍቶ ጀርባውን አጉብጧል። አናጢው ጋ ደወልኩ። ፀሐይ አስመታው አለኝ። ወለል እንዴት ተደርጎ ነው ፀሐይ የሚመታው፣ ጣራዬን ላንሳ ወይ ብለው፣ ታዲያ ሌላ ምን አለህ ብሎ ዘጋብኝ። ባለቤቴ የኑግ ዘይት እንቀባው አለች። ቀባነው። በማግሥቱ የጎረቤት ሩዝ መፈልፈያ ገለባውን በመስኮት እየላከ ለጠፈበት፤ ወለሉ ጠጉር አበቀለ። ዝንቡም የፎገራን ከብት ሁሉ ትቶ እኔ ቤት ከተመ።

ተንበርክኬ ስፈትገው ዋልኩ። በፈተግኩት ቁጥር ጥቁሩ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ሰው ላይ ስስቅ የኖርኩት ሰውዬ እንባዬ መጣ። እሱንም ቶሎ ብዬ በእጄ ጠረግሁት፤ ያው ውሃ አይደል?

ቀና ስል እታለም በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ያን ጊዜ ንዴቴ ገነፈለ። ቃል ገብቼልሽ እንደ ሕፃን ስጠብቀው ከርሜ አንቺው ገደልሽው፣ የአባታችንን ዋንዛ በውሃ ገደልሽው አልኳት።

ነጠላዋን አስተካከለች። ስማኝ ወንድማለም አለችኝ፤ ያ ዋንዛ ያን ሁሉ ክረምት ዝናብ ሲወርድበት አንድ ቀን ታሞ አያውቅም፤ በመጋዝ የገደልከው አንተ ነህ፤ እኔ ውሃ ያጠጣሁት ከሞተ በኋላ ነው።