ግድግዳ የሌለው ጓዳዬና የእህቴ ሽማግሌዎች

ወገኖቼ! ዛሬ በተከበሩ ሽማግሌዎች ፊት እንቁላል ልትጥል እንደተቀመጠች ዶሮ ቁጢጥ ብዬ ተገኘሁ!

አዎ፣ እኔው ነኝ። ያቺ «አዲስ ሽቶ ገብቷል» እያልኩ በየቀኑ የምፖስትላችሁ፣ ሳልኳል ከቤት የማልወጣው ሴትዮ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። አባባም ስቀዋል።

ነገሩ የጀመረው በኪችን ነው። የከተማችንን የገንዳ ውሃን ሙቀት የማያውቅ ካለ ይምጣና የኛ ቆርቆሮ ጓዳ ውስጥ አንድ ራስ ሽንኩርት ይክተፍ። ከሽንኩርቱ በፊት እሱ ይበስላል! እናታችን ካረፈች ወዲህ ጓዳው የኔ ነው። እኔም በቃኝ አልኩ፤ ግቢው ውስጥ የውጭ ኪችን ላሠራ ተነሳሁ።

አባባ «ምን ያንገበግብሻል? የሽመል ራኩባ ጣይና ጥላው ሥር ወጥሽን ሥሪ፤ የዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው የኖረው» አሉ።

ራኩባ! ቲክቶክ ላይ ስንት ግራናይት እያየሁ የሽመል ዳስ ልጣል? ኧረ በሞቴ!

መላኩ የሚባል ኮንትራክተር ተገኘልኝ። ከጎንደር የመጣ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ ሜትር ከወገቡ የማይለይ። ስልኬን አሳየሁት። «ኦፕን ኪችን! ችግር የለም እህቴ፣ እሱማ የኛ ሥራ ነው!»

መላኩ ችግር የለም የማይልበት ነገር የለም። ሲንክ? ችግር የለም። ባንኮኒ? ችግር የለም። «ግድግዳስ?» ብለው አባባ ሲጠይቁት ተያይተን ሳቅን። ኦፕን ለሚባል ነገር ግድግዳ ምን ይሠራል?

በኋላ ግን ልቤ ጠረጠረ። «ከእንግዳ ዓይን የሚጋርደኝ ነገር አበጅልኝ» አልኩት። የሚጠቀለል የሽመል መጋረጃ ሊሠራልኝ፣ ከባንኮኒው ሥርም በር ሊገጥምልኝ ቃል ገባ።

ከዚያ ሰሊጥ ደረሰ!

የኛን አገር ታውቁታላችሁ። ሰሊጥ ሲደርስ ግንበኛ የለም፣ አናጺ የለም። የመላኩ ሠራተኞች መዶሻቸውን ጥለው ማጭድ ይዘው ወደ እርሻ ነጎዱ። እሱ ራሱ የሰሊጥ መጋዘን ሊያድስ አብርሃ ጅራ ከተማ ገባ። ስደውልለት «እህቴ፣ የሰው ሰሊጥ እየረገፈ አንቺ ስለ መጋረጃ ታወሪኛለሽ?» ብሎ ተቆጣ።

እኔኑ! እኔም ሞኟ ይቅርታ ጠየቅኩት።

አሁን ወደ ዛሬው እሁድ እንምጣ።

ታናሽ እህቴ ሰናይት የምትወደው ልጅ አላት። የትራክተር መካኒክ ነው፤ እጁ ግሪስ ቢሆንም አፉ ማር ነው። ዛሬ ሽማግሌ እንደሚልክ በጓሮ በር ሰምተናል። በፊት ለፊት በር ግን አልሰማንም! ወጉ ነዋ! ሲመጡ ዱብ ዕዳ እንደወረደብን እንደነግጣለን። «እንመካከርበት» ብለን እንመልሳቸዋለን። ተመልሰው ሲለምኑ ያኔ እሺ እንላለን። በመጀመሪያው ልመና የተሰጠች ልጅ ዕድሜ ልኳን ስትታማ ትኖራለች።

አባባ ትናንት ሁለታችንንም አስቀምጠው «ከውሃ በቀር ምንም እንዳይቀርብ! እኛ አናውቅም፣ አልሰማንም» አሉ።

ሰናይት ደግሞ ለብቻዬ ጠራችኝ። እጄን ይዛ «እታለም፣ አደራሽን እንዳታስንቂኝ። ቋምጠው ጠበቁን ካሉኝ እዚያ ቤት ቀና ብዬ አልኖርም» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም በእናታችን ምዬ ቃል ገባሁላት።

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው?

ዶሮ ወጥ ሠራሁ!

ቆይ፣ አትሳደቡ! አባባ ሆደ ቡቡ ናቸው። ተለምነው ድንገት እሺ ቢሉስ? ሽማግሌ አፉን አድርቆ ይሂድ? ደግሞ ከናንተ ምን እደብቃለሁ፣ አዲሱን ኪችን ለማስመረቅ ቸኩዬ ነበር።

ይባስ ብሎ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂ መሆናቸውን ሰማሁ። ሐጂ የገበያው ትልቅ ነጋዴ ናቸው፤ እዚህ ከተማ ያለ ሐጂ የተጣላ አይታረቅም። እኛ ያረድነውን ስለማይበሉ ወደ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ወደ ዘሀራ ሮጥኩ። ባሏ ዶሮ አረደልኝ፤ እሷም የራሷን ድስት አዋሰችኝ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት የምትታወቀው፣ ቀይ አበባ ያለባት የሱዳን ድስት ናት። እሷን ከትልቁ ድስት ራቅ አድርጌ ለብቻዋ ጣድኳት። እንግዳ ማክበር እንዲህ ነው ብዬም ራሴን አመሰገንኩ።

መጡ!

ግቢያችን ውስጥ ጥላ የሚባል ነገር ያለው ኒም ዛፏ ሥር ብቻ ነው። ኒሟ ሥር የቆመ ሰው ደግሞ ፊት ለፊት የሚያየው ምንድን ነው?

ኪችኔን!

ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም። ነጭ በነጭ ለብሰው ተሰልፈው ቆመዋል፤ እኔ ጭልፋ ይዤ ደርቄአለሁ። ወደ ቤት ልሩጥ ብል መንገዱ በመሃላቸው ነው። ምን ላድርግ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቁጢጥ አልኩ።

ባንኮኒው ከሥር በር የለውም!

እኔ ጉልበታቸውን አያለሁ፤ እነሱ እኔን ከነቀሚሴ ከነጭልፋዬ ያዩኛል። አንደኛው ሽማግሌ ጭራሽ ጎንበስ ብለው በአንገታቸው ሰላም አሉኝ። እኔም ከተቀመጥኩበት እጅ ነሣሁ፤ ጨዋ ያሳደገኝ ልጅ ነኝ!

አባባ ጀርባቸውን ስለሰጡኝ አላዩም። ጉሮሯቸውን ጠርገው ንግግራቸውን ጀመሩ። «እንግዲህ ድንገት ነው የመጣችሁብን። እንዲህ ያለ ነገር በሐሳባችንም አልነበረ። ቤታችን ባዶ፣ እኛም ሳንዘጋጅ...»

በዚህ መሃል ትልቁ ድስት ክዳኑን እያንኳኳ ገነፈለ።

ሐጂ ከዘራቸውን ወደ ምድጃው አነሱ። «ወንድሜ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ያቺ አበባማ ድስት የሙስሊም ቤት ድስት አይደለችም?»

አባባ ዞሩ። ድስቷን አዩ። ከባንኮኒው ሥር እኔን አዩ።

«ናት» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ከመሃላችን ሙስሊም እኔ ብቻ ነኝ» አሉ ሐጂ። «እንግዲህ እናንተ ገና ልትመክሩ ነው፤ ድስቱ ግን መክሮ ጨርሷል!»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ።

እኔ አልሳቅኩም። ከቤት ውስጥ የሰናይት ለቅሶ ተሰማኝ። አደራዋን በላሁባት! ነገ አማቶቿ ቤት «ድስት ጥደው የጠበቁላት» ተብላ ነው የምትኖረው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ለቅሶውን ሐጂም ሰሙት መሰለኝ ሳቃቸውን አቆሙ። ወደ ቤቱ እያዩ ጮክ ብለው «የልጃችን ክብር የኛም ክብር ነው፤ ወጉ አይጎድልባትም» አሉ። ከዚያ ወደ አባባ ዞረው «እርስዎ ይመልሱን» አሏቸው።

«እንዴት አድርጌ?»

«እንደ ወጉ ነዋ! ግን ፈጠን ይበሉ፤ ወጡ እንዳያር።»

አባባ ገባቸው። ቀጥ ብለው ቆመው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ «ለዛሬው ተመለሱ፤ እንመካከርበታለን» አሉ። ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ተከታትለው ወጡ። በሩ ተዘጋ።

አባባ ወደኔ ዞሩ። «መከርን?»

ከባንኮኒው ሥር ሆኜ «መከርን!» አልኩ።

በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች! ባለፈው ለጠየቅነው ጉዳይ መልስ ልንሰማ መጥተናል!»

እንዲህ ሆኖ ሰናይት ለሁለተኛ ጊዜ ተለመነች። አባባም አንገታቸውን ነቅንቀው፣ ተክዘው፣ እንደ ምንም ፈቀዱ። ሐጂ «ኸላስ፣ አለቀ!» ብለው ተቀመጡ። ሰናይት ከውስጥ እንባዋን ሳትጠርግ እልል አለች፤ ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል የሰማሁት ዛሬ ነው። አሁን ደግሞ በየቤቱ እየደወለች «ደጅ ጠንተው፣ ተመልሰው ለምነው ነው እሺ የተባሉት» እያለች ትጎርራለች። እውነቷን ነው፣ ምን ይባላል?

መላኩስ? ወጡ ተበልቶ ሳያልቅ ደወለ። «እህቴ፣ የኪችኑን ፎቶ ላኪልኝማ፣ ለደንበኛ ላሳይበት!»

ምክሬ ይኸውላችሁ፤ ኦፕን ኪችን ከማሠራታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ያልተዳረች እህት መኖር አለመኖሯን አረጋግጡ።

አመሻሹ ላይ ዕቃ ሳጥብ አባባ መጡ። ኪችኑን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«አባባ፣ ሰሊጥ ሲያልቅ ግድግዳ አሠራበታለሁ» አልኳቸው በሐፍረት።

«ተይው፣ አያስፈልግም» አሉ። «ሰናይት እንደሆነች ተሰጠች። ላንቺ ሽማግሌ ከመጣማ፣ ልጄ፣ ገና በሩን ሳያንኳኩ ነው እሺ የምላቸው!»

ወገኖቼ፣ ታላቋ እኔ ነኝ እኮ! ይሄን ምርቃት ልበለው ወይስ ስድብ?