የፍኖተ ሰላም ብቸኛው የመጫወቻ ካርታ

የሒሳብ አስተማሪን ማመን ሞኝነት ነው! ቁርጡን ንገረን ስትሉት «ምናልባት»ን በቁጥር አስልቶ ያስታቅፋችኋል። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ... ፍረዱኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ ባሕር ዳር ትሠራለች። ትዳራችን ከቤት ይልቅ አውቶቡስ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። ዝውውር ብጠይቅ «ኢንስፔክተሩ መጥተው ስታስተምር ካዩህ በኋላ ይወሰናል» ተባልኩ። እሳቸውን ደግሞ ሲስቁ ያያቸው ሰው የለም!

ላስደንቃቸው ብዬ ፕሮባቢሊቲን፣ ያው የዕድልን ስሌት፣ በካርታ ለማስተማር ቆረጥኩ። ካርታ ግን ከየት ይምጣ? በከተማው ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የእትዬ ደብሬ ጠጅ ቤት ካርታ። እትዬ ደብሬ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝና፣ «ልጄ፣ ብትጠፋ እኔን ብቻ እንዳይመስልህ፣ አገሩን ነው የምታስቀይመው» አሉኝ።

ክፍል ገባሁ። ኢንስፔክተሩ ከኋላ እንደ ዳኛ ተሰይመዋል።

«ሃምሳ ሁለት ካርታ አለ። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር። ከመካከላቸው አራቱ ነገሥታት ናቸው...»

«ምን አልክ ጓድ?» ኢንስፔክተሩ ብድግ አሉ። «አብዮቱ አንዱን ለማውረድ ስንት ደክሟል፣ አንተ አራት ታመጣለህ?»

«ወ... ወረቀት ናቸው፣ ጓድ ኢንስፔክተር!»

ባሕር ዳር ስትርቅ ታየችኝ። ላቤን ጠርጌ በወዝኩና አንዷን ካርታ፣ ጀርባዋን ወደ ተማሪዎቹ አዙሬ ከፍ አደረግሁ። «ይህች ንጉሥ የመሆን ዕድሏ ስንት ነው?» መልሱ ከአሥራ ሦስት አንድ ነው፤ እናንተም አታጡትም።

ጢሙ ያቆጠቆጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ዜሮ ነው ጋሼ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ኧረ ጋሼ! ጠርዟን አይጥ የበላት አይደለች? የጥቁር አበባ ዘጠኝ ናት።»

ለካ ሃምሳ ሁለቱም በጀርባቸው ይታወቃሉ! አንዷ ጠጅ ፈሶባታል፣ ሌላዋን ሲጋራ አቃጥሏታል... የእኔ ፕሮባቢሊቲ አፈር በላ።

«ውሸት!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ኢንስፔክተሩ ናቸው! «ዘጠኟን አይጥ የበላት በግራ በኩል ነው። ይቺ የቀይ ልብ ሰባት ናት!»

ገለበጥኳት። የቀይ ልብ ሰባት።

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ኢንስፔክተሩን አየ... እሳቸውም አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሳቅማ አይነሣ!

ስንወጣ ትከሻዬን ይዘው ወደ ዛፍ ጥላ ወሰዱኝ። አለቀልኝ አልኩ።

«ዝውውርህን ዛሬውኑ እፈርማለሁ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ብቻ አደራህን፣ ካርታዋን ይዘሃት እንዳትሄድ። እትዬ ደብሬ አዲስ ከገዙ እኔ መበላቴ ነው!»