ክቡር ጋሽ ይሠራል

ጣሪያው ሲያፈስ «እኔ ወንበር ላይ ጠብ አላለም» የሚል ሰው የማይገኝበት መሥሪያ ቤት የለም። አዲሷ ፕሮግራመር በተቀጠረችበት ቢሮ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሽ ይሠራል ነበሩ። ስሙን ያወጣላቸው የገዛ አፋቸው ነው።

ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያኝክ፣ «እኔ ጋ ይሠራል!» ሊፍቱ ሰው እንደያዘ ሲቆም፣ «ጠዋት እኔን አድርሶኛል እኮ!» ባለቤታቸው ደውለው ቤት ውኃ ጠፋ ቢሏቸው፣ ተነሥተው የቢሮውን ቧንቧ ከፈቱና «እዚህ አለ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ፕሮግራመሯ ግን በዚህ መሳቅ ከተወች ሰንብታለች። እሷና ክቡርነታቸው ለአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ፣ የደም ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈውን የታካሚ ስም የሚያትም ፕሮግራም ሠርተዋል። የማተሙን ሥራ የሚሠራው ክፍል የእነሱ አይደለም፤ ጋሽ ይሠራል ከኢንተርኔት፣ ከማያውቋቸው ሰዎች በውሰት ያመጡት፣ ላይብረሪ የሚሉት ዝግጁ ኮድ ነው። በእሳቸው ኮምፒውተር ላይ እንደ ውኃ ይፈሳል። የሆስፒታሉ ማሽን የሚመራበት ሥርዓት፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ሌላ ነውና፣ እዚያ ሲደርስ ድርቅ ይላል። «አልተገኘም» የሚል አንዲት ቃል ይጽፋል፤ ምን እንዳልተገኘ አይናገርም።

አለቃቸው ለአዲሷ፣ «እስከ ዓርብ ካልሠራ፣ የሙከራ ጊዜሽ እዚያው ያበቃል» አላት። ለአሮጌው ምንም አላለም።

«ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ይዩልኝ።»

«ልጄ፣ እኔ ጋ ይሠራል።»

«እርስዎ ጋ በሽተኛ የለም!»

«የታመመው የእነሱ ማሽን ነው። ያለው ሆስፒታል፤ ያሳክሙታ!»

ሦስት ቀን ብቻዋን የላይብረሪውን ሆድ ዕቃ ስትበረብር ከረመች። ዓርብ ጠዋት ቢሮው የሚያስሞላውን የብልሽት ሪፖርት ቅጽ አንሥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። «ጥፋተኛው» ከሚለው ፊት ለፊት የማንን ስም እንደምትጽፍ በልቧ ስትደግም ነው የሰነበተችው።

ላቦራቶሪው ውስጥ ክቡርነታቸው ወለል ላይ ተቀምጠዋል። ኮምፒውተራቸውን በአንሶላ ጠቅልለው፣ ያ የቢሮው ሊፍት ዛሬም ቆሞ ኖሮ፣ አራት ፎቅ በደረጃ ተሸክመው አውርደውታል። ከእሱ ጋር ያገናኙት የላቦራቶሪው ፕሪንተር ስም እያከታተለ ይተፋል። ሸሚዛቸው በላብ ከጀርባቸው ተጣብቋል።

«እኔ ጋ ይሠራል አላልኩሽም?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ይኸው፣ እኔ መጣሁ።»

ሁለቱ ማሽኖች ጎን ለጎን ሲቆሙ ነገሩ በግማሽ ሰዓት ተገለጠ። ላይብረሪው ያለ ረዳት ፋይል አይንቀሳቀስም፤ ረዳቱን ደግሞ ክቡርነታቸው ከስድስት ዓመት በፊት በገዛ እጃቸው ጭነው ረስተውታል። ለሆስፒታሉ ሥርዓት የሚሆነውን ፈልጋ ጫነች። ከሆስፒታሉ ማሽን የመጀመሪያው ስም ታተመ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ እርስዎ ጋ ተቀምጦ ነበር፣ ጋሼ።»

ጋሽ ይሠራል ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና፣ «አየሽ፣» አሉ፣ «እዚህም ይሠራል!»

ቅጹን አወጣች፤ እስክሪብቶዋን «ጥፋተኛው» ላይ አድርጋ፣ አንሶላቸውን በጥንቃቄ ሲያጥፉ ጥቂት አየቻቸው።

«አልተገኘም» ብላ ጻፈች።