እትዬ አስካለ ለምን ተላጩ

ሰው ሲያመው እውነቱን ለሐኪም ይናገራል የምትሉ፣ አሰላ አልኖራችሁም። እኛ ዘንድ ሕመምም ይሉኝታ አለው። ራስ ያማል፣ ወገብ ያማል፣ ጥርስማ ሰፈር ሰምቶ እስኪጠይቅ ድረስ ያማል፤ ከእምብርት በታች ያለው ግን፣ በተለይ የሴት ከሆነ፣ ስሙም አይጠራ።

ጎረቤቴን እትዬ አስካለን እዚያው ስሙ የማይጠራው ቦታ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያሳክካቸው ኖረ። እንቅልፍ የላቸውም። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲቁነጠነጡ ሊቀመንበሩ “ጓድ አስካለ፣ ጥያቄ አለዎት?” ይላቸዋል። ሳይፈልጉ ስንት ጥያቄ ጠየቁ መሰላችሁ! አንድ ቀን ጨንቋቸው ስለ ማዳበሪያ ጠየቁና ኮሚቴ ውስጥ ገቡ።

በመጨረሻ እኔው ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። የሚያክመው ድሬሰር በልጃቸው ዕድሜ ነው።

“እማማ፣ ምንዎትን ነው የሚያሳክክዎት?”

እኔን አዩኝ፤ ጣራውን አዩ። “ጭንቅላቴን” አሉ።

እሱ ምን ያድርግ? ቅባቱ ሥር ድረስ እንዲገባ ጸጉራቸውን ይላጩ ብሎ አዘዘ። እሳቸውም ከአፋቸው የወጣውን መመለስ አፍረው ተላጩ።

የአገሩን ልማድ ታውቃላችሁ፤ ሴት የምትላጨው የቅርብ ሰው ሲሞትባት ነው። በነጋታው ዘመድ ከኢተያ እያለቀሰ ገባ። ማን እንደሞተ የጠየቀ ግን የለም፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ለጠያቂም ለተጠያቂም አይበጅም ነበርና ሁሉም በደፈናው ያለቅሳል። እትዬ አስካለ ማሳከኩ ሲብስባቸው ብድግ ቁጭ ሲሉ፣ ለቀስተኛው “ወይ አንጀቷ!” እያለ ይብስበታል። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ተቀምጫለሁ።

ሳቄ የቆመው አክስታቸው ደረታቸውን እየደቁ “ዋይ ታደሰ! ዋይ ሳይዳር የቀረው!” ሲሉ ነው። ታደሰ የእትዬ አስካለ አንድ ልጅ ነው፤ ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ከጠፋ አምስት ወር ሆኖታል። በቁሙ የተለቀሰለት አይመለስም ብለው ያምናሉ፤ እኔም አምን ነበር።

“ዝም በሉ! ልጄን አትግደሉብኝ!” ብለው ተነሡ። “የሞተ የለም! አሳክኮኝ ነው!” አሉና ቦታውን በስሙ ጠሩት። ቤት ሙሉ ሰው ፊት፣ የንስሐ አባታቸው በተቀመጡበት! ልቅሶው ቀጥ አለ። አባም ከዘራቸውን መፈለግ ጀመሩ።

እንግዲህ አንዴ ከተጠራ ወዲያ ምን ይፈራል? በሳምንቱ ለሆስፒታሏ ሲስተር በግልጽ ተናገሩ። ሲስተሯም የቆዳ በሽታ ነው፣ ጨርሶ ባይለቅም በቅባት ይበርዳል አለቻቸው። ደግሞም ቆዳ ይጀምረው እንጂ ማሳከክን የሚሰማው አእምሮ ነው፤ ዓመታት ሲቆይበት ይለምደውና ገና ሲያስቡት ይቀሰቀሳል አለች።

“ታዲያ ምኑን ዋሸሁ!” አሉ እትዬ አስካለ።

ታደሰም፣ ተመስገን፣ ጻፈ፤ ካልሲ ላኪልኝ ይላል። እናቱም ከስድስት ዓመት በኋላ መተኛት ጀመሩ።

በሚቀጥለው ሰኞ ሲስተሯ በሯን ስትከፍት ዘጠኝ ሴቶች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያዋን ምን እንደሆነች ጠየቀቻት።

“ያው፣ የእትዬ አስካለ በሽታ ነው” አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ሁለተኛዋም እንደዚያው አለች። ሦስተኛዋም። አራተኛዋ እኔ ነበርኩ።