የአቶ ሰኞ ሱሪ

ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው የሚሆን ሰው የሌለበት ሕንፃ የለም። እኔ በዕድሜዬ አራት ቤት ቀይሬአለሁ፤ በአራቱም አጋጥሞኛል። አንዱ ከሰኞ ጀምሮ ሲጋራ ይተዋል፤ አንዷ ከሰኞ ጀምሮ ጨው ትቀንሳለች። የአሁኑ ሕንፃችን ግን የሁሉንም አለቃ ይዟል። ምድር ቤት ሱቅም ቤትም ያላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ጎረቤቱ «አቶ ሰኞ» ይላቸዋል። እኔ በሆዴ «ክቡር አቶ ሰኞ» እላቸዋለሁ፤ ማዕረጉ ይገባቸዋል።

ከስድስት ዓመት በፊት ሐኪማቸው ስኳር እንዳለባቸው ነግሯቸው ነበር። በእግር ካልሄዱና ጣፋጭ ካልተዉ ዓይንዎ ይጎዳል አላቸው። ልብስ ሰፊ ያለ ዓይን ምን እንደሚሆን ማንም ያውቀዋል። በዚያው ሰሞን እኔም ጉልበቴን ታምሜ፣ ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል ተብዬ ነበር። ብቻዬን ደጅ መውጣት ስለማፍር ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አቶ ሰኞ አዲስ ነጭ ሸራ ጫማ አድርገው፣ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ቆመዋል። ከዛሬ ጀምሮ እኔና እሳቸው አንድም ቀን ሳንዘል እስከ ፖስታ ቤቱ ደርሰን እንደምንመለስ አስታወቁኝ። እንቢ ማለት ስለማልችል ወጣሁ።

ክቡርነታቸው ሰኞ ቀን ሲራመዱ መንገዱ ይጠባቸዋል። በአፍንጫ መተንፈስ እንደሚገባ፣ ምግብ ሠላሳ ጊዜ መታኘክ እንዳለበት ለእኔም ለዘበኛውም ያስተምራሉ። ማክሰኞ ትምህርቱ ያጥራል። ረቡዕ አስቸኳይ ሥራ ይመጣል። ሐሙስ በሱቁ መስታወት ሳያቸው የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮአቸውን ከፍተው ብስኩት ያወጣሉ። አንድ ጊዜ ለሸሚዜ ቁልፍ አስተክዬ ቤት ስገባ አዲሱ ቁልፍ ላይ ስኳር ነበረበት። ሸሚዙን አጥቤ ለበስኩት።

በሚቀጥለው ሰኞ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «እትዬ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ሄዱ?» እሳቸው ሁለት ቀን ሄደው እኔን ይጠይቃሉ። መዋሸት አልችልም፤ አልሄድኩም ማለትም ያሳፍረኛል። ስለዚህ ከረቡዕ እስከ እሑድ ብቻዬን፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ መሄድ ጀመርኩ።

ሰኞ ሰኞ ከመንገድ ሲመለሱ ወገባቸውን ይለካሉ። ከሱቁ በር ጀርባ በልብስ ጠመኔ ይጽፉታል፤ መቶ አራት፣ መቶ ሦስት፣ እያለ ባለፈው ዓመት ዘጠና ዘጠኝ ገባ። የሚለኩበት ሜትር ሙያውን ያስተማሯቸው ሰው የሰጧቸው፣ የጨርቅ ነው። የእኚያ ሰው እጅ ያረፈበት ስለሆነ የደንበኛ ልብስ አይነኩበትም፤ ለራሳቸው ገላ ብቻ ነው። የኛ ሕንፃ ሰው ቢስቅም ቁጥሩ ሲወርድ ማንም መካድ አልቻለም።

አንድ ረቡዕ የካፖርቴን ገበር ላስቀይር ገባሁ። ስንት ዓመት ያስቀመጡትን ግራጫ ጨርቅ አውጥተው፣ በዘጠና ዘጠኝ ቆርጠው ለራሳቸው ሱሪ ሰፍተዋል። ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ለበሱት። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ሱሪው በእጃቸው ነው። እዚያው ሱቁ ውስጥ የነበሩት ባለቤታቸው ምን ሆነ አሏቸው፤ አራት ጣት አልገጥም አለ አሉ። ከዚያ አሮጌውን ሜትርና ጨርቅ የሚቆርጡበትን አዲሱን ሜትር ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ። አሮጌው ሲጎተት ኖሮ ተለጥጧል። እሱ ዘጠና ዘጠኝ የሚለውን አዲሱ መቶ አምስት ይለዋል።

ማንም አልሳቀም። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስለካ፣ አንድ ራሴን መለካት አቃተኝ» አሉ ቀስ ብለው። ካፖርቴን ተቀብለው ተቀመጡ። መርፌውን ወደ መስኮቱ አነሱት፤ ክሩ ሦስት ጊዜ ሳተ። ከዚያ መርፌውንም ክሩንም ሳያዩኝ ወደ እኔ ዘረጉ። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርገው አያውቁም። አስገብቼ ሰጠኋቸው።

በሚቀጥለው ሰኞ በሬ አልተንኳኳም። ጫማዬን አድርጌ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ደረጃው ላይ አንዱ ጎረቤት አቶ ሰኞ ጡረታ ወጡ እያለ ሲቀልድ ሰማሁ። ያን ቀን እኔም አልሄድኩም።

ማክሰኞ ወረድኩ። የሰው በር ማንኳኳት ከልጅነቴ ጀምሮ ያስፈራኛል፤ ሁለት ጊዜ እጄን አንስቼ መለስኩ። በሦስተኛው አንኳኳሁ። ባለቤታቸው ከፍተው ወደ ውስጥ ጠቆሙኝ። በካልሲ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው» አሉኝ።

«ስድስት ዓመት የሄድኩት እርስዎ ሰኞ ስለሚጠይቁኝ ነው» አልኳቸው። «ጉልበቴን ያዳኑት እርስዎ ነዎት። ትናንት የጠየቀኝ የለም፤ ቤት ዋልኩ።»

ይህን ያህል ቃል ከዘመዴ ውጪ ለሆነ ወንድ ተናግሬ አላውቅም። መሬት መሬት አየሁ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አልጋው ሥር ሸራ ጫማቸውን ፈለጉ።

ይኸው ስምንተኛ ወራችን ነው። ረቡዕ አሁንም አስቸኳይ ሥራ ይመጣል፤ ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ የማንኳኳው እኔ ነኝ። ሐኪማቸው ዓይናቸው እንዳለ ነው፣ አልባሰም ብሏቸዋል። ክሩን እኔ አስገባላቸዋለሁ። ቆርቆሮው ውስጥ ቁልፍ ብቻ አለ፤ ቁልፍ ልመርጥ ብዬ አይቼዋለሁ።

ባለቤታቸው ሱሪውን እናስፋው ቢሉ አይነካም ብለው በሩ ጀርባ ሰቀሉት። ሰኞ ሰኞ መጋረጃው ጀርባ ይለብሱታል።

«ስንት ቀረው?» እላለሁ።

«ሁለት ጣት» ይላሉ ከውስጥ።

ባለቤታቸው ከመጋረጃው በዚህ በኩል ሆነው ሦስት ጣት ያሳዩኛል። እኔ ግን ክቡርነታቸውን አምኜ ጫማዬን አስራለሁ።