ንፍሮ የተቀቀለላት መላጊያ

መዘጋጀት ራሱን የቻለ ሱስ ነው። እንደ ጫት ምርቃና አለው፣ እንደ ጫት ድብርትም አለው፤ ልዩነቱ ማንም አይቆጣችሁም። ቤት ሊሠራ ድንጋይ አስከምሮ ድንጋዩ ላይ ሣር የበቀለበት ጎረቤት የላችሁም? ሊያገባ ሲዘጋጅ የታጨችለት ልጅ የልጅ እናት የሆነችበት ዘመድስ? ከሌላችሁ እኔን ተዋወቁኝ። እኔ እንጨት ሊሠራ ስምንት ዓመት ሙሉ መሣሪያ ያሳመረ ሰው ነኝ።

እንጀራዬ መድኃኒት መሸጥ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባለ አንድ በር መድኃኒት ቤት ነበረችኝ። ነፍሴ ግን የምትውለው ጓሮዬ ውስጥ በቆርቆሮ ከከደንኳት ጠባብ ክፍል ነበር። እዚያ ገብቼ፣ የመድኃኒት ቤቱን ነጭ ጋውን እንኳ ሳላወልቅ፣ ዝገት አክማለሁ። ቁራሌው በሰፈራችን ሲያልፍ ሌላው ሰው አሮጌ ዕቃ ሊሸጥለት ይወጣል፤ እኔ ልገዛው እወጣለሁ። ሰውዬው መጀመሪያ እብድ መስዬው ነበር። ኋላ ግን ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ የእኔን በር ማንኳኳት ለመደ። ኬሻውን ሲዘረግፈው ጥርሱ የረገፈ መጋዝ፣ እጀታው የተበላ መሮ፣ አንገቱ የላላ መዶሻ ይወጣል። ልቤ ድው ድው ይላል!

አንድ ቀን ደግሞ ጣውላ ልጋ የምታለሰልስ መላጊያ ወጣች። ክንድ ከስንዝር የምትሆን፣ አካሏ የወይራ እንጨት፣ ምላጯ ግን ዝገት በልቶት እንደ ደረቀ ቆዳ የተላላጠ። የቤቱን አቼቶ ሁሉ አሟጥጬ ምላጩን ሦስት ቀን ዘፈዘፍኩት፣ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈገፈግኩት፣ የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ እየሳብኩ በስንጥቋ ሁሉ አንጠባጠብኩላት፣ ከዚያ መሳያ ድንጋይ ላይ ስስለው ዋልኩ። በመጨረሻ ክንዴ ላይ ሞከርኩት። ወላሂ፣ ክንዴ ላይ አንድ ፀጉር አልቀረም! እየሮጥኩ ለሚስቴ ለዘይነባ አሳየኋት። የዕቃ መደርደሪያ እንድሠራላት ከለመነችኝ ዓመታት አልፈዋል። ክንዴን አየችና፣ «እሰይ፤ እንግዲህ ብርጭቆዎቹን ክንድህ ላይ ልደርድራቸው» አለችኝ።

ጊዜው የለውጡ ሰሞን ነበር። ሀገሩ ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው። ሻይ ቤቱ ሁሉ ሀገር እንዴት እንደምትታደስ ሲተነትን፣ እኔ ቢያንስ አንድ መሮ በተግባር አድሼ እገባ ነበር። አይፈረድብኝም፤ ኮራሁ። ኩራቴን ያስተነፈሱት አያ ሙሄ ናቸው። አያ ሙሄ ዕድሜያቸውን በሙሉ በእጅ መሣሪያ ሲሠሩ ኖረው፣ በኋላ በመብራት የሚሠራ ማሽን መጥቶ ከገበያ ያስወጣቸው አናጺ ናቸው፤ በዚያ ላይ የቅሬያችን ዳኛ። ቅሬ ሌላው ሀገር ዕድር የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚታቀፈው። መቃብሩ ይለያይ እንጂ ለቅሶው አንድ ነው። አያ ሙሄ ክፍሌን ሊያዩ መጥተው፣ ግድግዳው ላይ በየቁመታቸው የተሰቀሉትን መሣሪያዎች አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ።

«ማሻአላህ! ማሻአላህ! ምን ምን ሠራህባቸው ሰይዶ?»

አንዱን መሮ አንስቼ በጋውኔ ጫፍ ወለወልኩት።

«በሽተኛ አድነህ እዚያው አልጋው ላይ ታስተኛዋለህ እንዴ አንተ?» ብለውኝ ወጡ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈርቼ ነው። ያልተሠራ ወንበር አይናጋም። ያልተቆረጠ ጣውላ አያጥርም። የሚያብረቀርቅ መሣሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማየት ግን ሁልጊዜ ድል ነው።

ከዚያ ጦርነቱ ከሰሜን እየገፋ መጣ። ከተማው መውጣት ሲጀምር ዘይነባ ቁርኣኗን፣ የቤቱን ካርታና የልጃችንን ልብስ አሰረች። እኔ የንጋቱን ሶላት ሱብሂን ሰግጄ ጓሮ ገባሁና ጉድጓድ መቆፈር ያዝኩ። መሣሪያዎቼን ዘይት አጠጥቼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከላይ በነጭ አቡጄዲ ገነዝኳቸው። በሁለት ሰው የሚጎተት ረጅም መጋዝ ስለነበረኝ ጉድጓዱ የሰው ቁመት አከለ። አፈሩን መለስኩና ጉብታ ሆነ። ስቆፍር ስለሞቀኝ ጋውኔን አውልቄ፣ ራስጌው ላይ በተከልኩት አካፋ እጀታ ሰቅዬው ነበር። ሚኒባሱ ጥሩንባውን ሲያንባርቀው እንደ ቆምኩ ሮጥኩ። ጋውኑን መርሳቴ፣ መነጽሬም ኪሱ ውስጥ መሆኑ ትዝ ያለኝ ኮምቦልቻ ስንደርስ ነው።

ደብረ ብርሃን አንድ ወር ከምናምን ተቀመጥን። ወደ ሐይቅ ስልክ አይሠራም። ሌላው ተፈናቃይ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ቀሩት ሰዎች ሲጨነቅ እኔ በሆዴ ስለ መላጊያዬ እጨነቅ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።

እኔ በሌለሁበት ምን እንደተፈጸመ የሰማሁት ከብዙ ውርደት በኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ ስሙት። ከቅንጭብ አጥሬ ማዶ እትዬ አስካለ አለች፤ ባሏ ከሞተ የቆየ፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ለእኔ ታላቅ እህት የምትሆን ክርስቲያን ጎረቤቴ። እሷም ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ወንድሟ ዘንድ ሸሽታ ነበር፤ ግን በሦስተኛው ቀን «ከነዶሮዎቼ ልሙት» ብላ ተመለሰች። ስትመለስ የእኛ ቤት በር ተሰብሯል፣ ሰው የለም። ጓሮ ብትገባ የሰው ቁመት ያለው አዲስ አፈር፤ ከአፈሩ የነጭ አቡጄዲ ጫፍ ብቅ ብሏል፤ ራስጌው ላይ የእኔ ጋውን፣ ኪሱ ውስጥ የእኔ መነጽር። «ሰው መነጽሩን ጥሎ አይሰደድም» አለች። እንደ መድኃኒት ሰው ልፍረድና፣ ምርመራው እንከን አልነበረውም።

ያን ጊዜ በየጓሮው የተቀበረ ሰው ብዙ ነበር፤ ማንም አልተጠራጠረም። አያ ሙሄ ከቀሩት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው ዱዓ አደረጉልኝ። እትዬ አስካለ ለዘር ያስቀመጠችውን ስንዴ አወጣችና ንፍሮ ቀቀለችልኝ። ገበያ የለ፣ ወፍጮ የለ፣ ነገ ምን እንደሚበላ አይታወቅ፤ እሷ ግን የዘር ስንዴዋን ቀቀለችው። እኔ የሌለሁበትን አፈር ከበው፣ ንፍሮውን እፍኝ እፍኝ ተካፍለው፣ አለቀሱ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እሷማ በአምባሰል ዜማ እያንጎራጎረች ሙሾውን ስታወርደው የቀረው ሰው ሁሉ የየራሱን ሞት እያነሳ አብሯት አነባ አሉ።

ታጣቂዎቹ ደግሞ የተቀበረ እህልና ንብረት ፍለጋ ጓሮ ለጓሮ ይቆፍሩ ነበር። እኛ ጓሮ ሲገቡ እትዬ አስካለ አፈሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። «እዚህስ ጎረቤቴ ነው ያለው። እኔን አስቀድማችሁ ቅበሩና ቆፍሩ» አለቻቸው። ከመካከላቸው አንዱ ልጅ ኮፍያውን አውልቆ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ። በዚህ መንገድ መላጊያዬ ዱዓም፣ ንፍሮም፣ ነፍስ ይማርም አገኘች። ስንት ሰው ይህን ሳያገኝ ተቀብሯል!

ተመለስን። ቤቱ ባዶ፣ መድኃኒት ቤቷም መደርደሪያዋ ብቻ ቀርቷል። ዘይነባ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ስትጀምር እኔ ወደ ጓሮ በረርኩ። ለጎረቤት «እንዴት ከረማችሁ» እንኳ አላልኩም። ያለ መነጽር ሁሉም ነገር ጭጋግ ነው፤ ጉብታው ግን አለ! አልተነካም! ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮበት ሳገኘው ምነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም፤ ድንጋዩን ግራና ቀኝ እየወረወርኩ በደስታ ሰክሬ መቆፈር ያዝኩ።

ዱላው ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ከየት እንደመጣ አላየሁም።

«የሙት አፈር ታወጣለህ? አንተ አረመኔ!»

«እትዬ አስካለ! እኔ ነኝ እኮ! ሰይድ ነኝ!»

«ሰይድንማ እኔ ነኝ ያለቀስኩት!» ብላ ደገመችኝ።

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። የራሴን አለመሞት ማስረዳት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደግነቱ ዘይነባ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። እትዬ አስካለ እሷን አየች፣ መልሳ እኔን አየች፣ ፊቴን በሁለት እጇ ዳሰሰች፣ ከዚያ ዱላውን ጥላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አያ ሙሄም ደረሱ። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀ። እንዲህ ያለ አቀባበል ለሐጂም ተደርጎ አያውቅ! እዚያው ላይ ተለያይተን ቢሆን ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር።

ግን አያ ሙሄ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አሉ። ዝግ ባለ ድምፅ፣ የሌላ ሰው ሐዘን እንዳይነኩ እየተጠነቀቁ ጠየቁኝ።

«ታዲያ ማን ነው የተኛው፣ ልጄ?»

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። አንዲት የሩቅ አክስት ልፈጥር ምላሴ ተነስቶ ነበር፤ ዘይነባ ግን ዓይኗን ተከለችብኝ።

«መላጊያ ነች» አልኩ። «መጋዝም አለ።»

ማንም አልሳቀም። ምን እንደማደርግ ስላጣሁ አቡጄዲውንና ላስቲኩን ፈታሁ። መላጊያዬ እንደ ትናንት ታበራለች። ዓይኔ ሥር አስጠግቼ ባያት አንዲት የዝገት ነጥብ የለባትም! እና እኔ፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል፣ «አልዛገችም!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ አስካለ መላጊያዋን አየቻት፣ እኔንም አየችኝ፣ ዱላዋን አንስታ ወደ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ጋውኔ ታጥቦ፣ መነጽሩም ኪሱ ውስጥ ሆኖ፣ ቅንጭቡ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። መነጽሬን ሳደርግ መጀመሪያ ያየሁት የበታተንኳቸውን ድንጋዮች ነበር። ነጫጭ፣ ልሙጥ፣ አንድ ልክ የሆኑ። ከሐይቁ ዳር የተለቀሙ ናቸው። በዚያ በደከመ ጉልበቷ፣ በዚያ ክፉ ቀን፣ አንድ በአንድ ለቅማ ተሸክማ አምጥታቸው ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታዬን አልመለሰችም። በአጥሩ በኩል ሳስል ፊቷን ታዞራለች፤ ዘይነባን እየሳመች እኔን ታልፈኛለች። የሞትኩ ጊዜ ይሻለኝ ነበር።

ቅሬው ተሰብስቦ የእኔ ነገር ተነሣ። የተቀመጥነው ድንጋይ ላይ ነው፤ የቅሬው አግዳሚ ወንበሮች ጦርነቱ ላይ ማገዶ ሆነው አልቀዋል። እኔ ቅጣት ልከፍል ተዘጋጅቻለሁ። መዘጋጀት መቼ አቅቶኝ ያውቃል!

«የወረደ እንባ አይመለስም» አሉ አያ ሙሄ። «የቅሬውን አግዳሚ አንተ ትሠራለህ። በገዛ እጅህ፣ በነዚያ ባለቀስንላቸው ብረቶች።»

በከተማው መብራት የለም፤ ባለ ማሽኖቹም ማሽናቸው ተወስዷል፤ ወደ ማን ይኬዳል? በጠቅላላው ሐይቅ ውስጥ ያለ መብራት የሚሠራ የተሟላ መሣሪያ ያለው አንድ ሰው ነው። እሱም አንድ ዱካ እንኳ ሠርቶ አያውቅም።

አያ ሙሄ አልጋቸው ሥር ሃያ ዓመት ያኖሩትን ትልቅ የዋንዛ ጣውላ አስወጥተው አመጡልኝ። ለምን አቆዩት ብላቸው፣ «ለጥሩ ቀን» አሉና ዓይናቸውን ሰበሩ። ሃያ ዓመት! ሱሱ የእኔ ብቻ አለመሆኑን ሳውቅ ነፍሴ ትንሽ ተመለሰች። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ «አትጫናት፣ ራሷ ታውቀዋለች» አሉኝ። መላጊያዋን ገፋሁ። ወዳጆቼ፣ ምን ልበላችሁ! ሽ…ሽ…ሽ ብላ ሄደች፤ በአፏ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሽታው የሚያሰክር የዋንዛ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወጣ። ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ነክቶኝ ነው? ደግሜ ገፋሁ። ሦስቴ፣ አሥሬ። አያ ሙሄ «ይበቃል፣ ጣውላውን ጨረስከው» ሲሉኝ ነው የቆምኩት። በመሮ የእግሮቹን ቀዳዳ ስፈለፍል አንዱ ሰፋብኝ፣ ሽብልቅ አስገባሁበት፤ አንዱ እግር አጠረ፣ ሌሎቹን ከእሱ ጋር ላስተካክል ስቆርጥ አግዳሚው ወደ ምድር ቀረበ። ግን በአራት እግሩ ቆመ! ከእጄ የወጣ ነገር መሬት ላይ ቆመ! ሰፈሩን ሁሉ ጠርቼ አስጎበኘሁ። ከሁለተኛው በኋላማ ማን ያቁመኝ፤ ከተሰበረ በር፣ ከፈረሰ ሳንቃ እየለቃቀምኩ ስድስት አደረስኳቸው።

ቅሬው ወንበሮቹን ሊረከብ የተሰበሰበ ዕለት እትዬ አስካለ መጣች። ከሁሉም አልፋ የመጀመሪያውን፣ ያን ዝቅ ያለውን አግዳሚ መረጠች። ነጠላዋን ሰበሰበችና ተቀመጠች። ወደ ግራ ተወዛወዘች፣ ወደ ቀኝ ተወዛወዘች። እኔ ዓይኔን ከእግሮቹ ላይ አልነቀልኩም። አግዳሚው ትንሽ ሲጥ አለና ዝም አለ።

«ይቅር በይኝ፣ እትዬ» አልኳት።

በእጇ የአግዳሚውን ጠርዝ ትዳስሳለች።

«አሁንስ የእውነት ብሞት ታለቅሺልኛለሽ?»

ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችው።

«እናያለን» አለች። «እስቲ መጀመሪያ አግዳሚው ይሰንብት።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ የሟቹን ቤተሰብ ያያል፤ እኔ ግን ድንኳኑ ውስጥ እግሬ እንደገባ ጎንበስ ብዬ የአግዳሚውን እግር ነው የማየው።